ምላጭ የያዘ አይከራከርም

ይህን ሰው የወደድኩት ገና ፀጉሬን ሳይነካኝ ነው።

ዝናብ መንገድ ላይ ይዞኝ ከአንድ ፀጉር ቤት በር ሥር ተጠልዬ ነበር። በመስታወቱ ወደ ውስጥ ሳይ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ራሳቸው ያብረቀርቃል፤ ከጆሮአቸው በላይ ጥጥ የምትመስል ጥቂት ነገር ብቻ ቀርታለች። ፀጉር አስተካካዩ ግን ነጭ ጨርቅ አልብሷቸው፣ ማበጠሪያና መቀስ ይዞ፣ በዙሪያቸው እየዞረ ይቆርጣል። ምን እንደሚቆርጥ ለማየት ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ። የሚቆርጠው አየር ነው። መቀሱ ከራሳቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ ጎንበስ ብሎም ከኋላ አስተካከለ። ሲጨርስ በብሩሽ አራገፋቸውና ትንሿን መስታወት ከኋላቸው ይዞ ማጅራታቸውን አሳያቸው።

«ከላይ ትንሽ አላበዛኸውም?» አሉ ሽማግሌው።

«ልክ ነዎት አባባ። በሚቀጥለው ሳሳ አድርጌ እነካዋለሁ።»

ዝናቡ ካባራ በኋላም አልሄድኩም። ገብቼ ተራ ያዝኩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ቤት ተቆርጬ አላውቅም። ፈጣሪ ለአንዳንዱ ሰው መልካም ነገርን በሕልም ያሳየዋል ይባላል። እኔን በዝናብ ገፍቶ አሳየኝ፤ ተመስገን።

ሰፈሩ ጋሽ ልክነው ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ልክ ስለሚሆን ነው። ጋዜጣ ውሸት ነው ያለው ልክ ነው። ቀጥሎ የተቀመጠው፣ ጋዜጣ ላይ ያነበበውን የሚያወራው፣ እሱም ልክ ነው። ክረምቱ ይከብዳል ያለም፣ አይከብድም ያለም ከዚያ ቤት ተሸንፎ አይወጣም። መጀመሪያ ሰሞን የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው ሥራውን ያስተማረው ሰው የነገረውን ነገረኝ።

«‹ምላጭ ከያዝክ አትከራከር› ይለኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። የሚከራከር ሰው አንገቱን ያዞራል። አንገቱን ያዞረ ሰው ይቆረጣል። የተቆረጠ ሰው ደግሞ ክርክሩን ቢያሸንፍም አይመለስም።»

«ምላጭ ካልያዝክስ ጋሼ?»

«ልክ ነህ» አለኝ።

ይህ ልማድ ከሱቁ ተከትሎት ቤቱ ገብቷል። ባለቤቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ እሷም ሆድ ሲብሳት ትናገራለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ እስቲ ‹አይሆንም› በለኝና ልኩረፍ!» ስትለው «ልክ ነሽ» ብሏት ወደ መኝታው ሄዷል። ደግሞ ሰውን ፊት ለፊት አያይም። ሱቁ ውስጥ ከሰው ጋር የሚነጋገረው በመስታወት ውስጥ ነውና፣ ውጭ ሲያገኝህም መስታወት የሚፈልግ ይመስል ከትከሻህ በላይ ያያል።

አንድ ሴት ልጅ አላቸው። ልጅቱ ያደገችው በዚያ ሱቅ ነው፤ የቤት ሥራዋን በደንበኞች መካከል አግዳሚው ወንበር ላይ ትሠራለች፣ ስትጨርስ መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ትጠርጋለች። ምላሷ ከአባቷ ምላጭ ይሰላል፤ ከማን እንደወረሰችው ለማወቅ መጋረጃ ሰፊዋን አንዴ ማነጋገር ይበቃል። ትምህርት ላይ ግን ቀልድ የላትም። ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታ ጨረሰች። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ለሁለት ዩኒቨርሲቲ አመለከተች። ሁለቱም ባላ አልተሰበረም። ችግሩ የመጣውም ከዚያ ነው።

አንደኛው ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ያለው፣ ትልቁና የቆየው ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የማውቀው በእሱ አጥር በኩል ነው፤ በወጣትነቴ ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ ሳልፍ ከውስጥ የሚወጡት ልጆች የያዙትን መጽሐፍ ርዕስ ለማንበብ አንገቴን አሰግግ ነበር። እሱ ተቀብሏታል፤ ክፍያው ግን የቤተሰብ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነው፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው። እሱ የክብር ስኮላርሺፕ ሰጣት። ይህ ማለት ከመላው አመልካች ጥቂቶቹን ብቻ ይመርጣሉ፣ ትምህርቱንም መኝታውንም ይችሏቸዋል፣ ለብቻቸው በትንሽ ክፍል ያስተምሯቸዋል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረውም ከመምህራኑ ጋር ጥናት ይሠራሉ። ልጅቱ የምትፈልገው የውሃ ምህንድስና ነው፤ እሱ ትምህርት ሁለቱም ጋ አለ። የስኮላርሺፑ መልስ ግን በተቆረጠለት ቀን መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ወሬውን ለሰፈሩ የበተኑት በጡረታ ላይ ያሉት ዳይሬክተር ናቸው። የልጅቱ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ ናቸው፤ የድጋፍ ደብዳቤዋንም የጻፉት እሳቸው ስለሆኑ ስኮላርሺፑን ግማሹን እንደተሸለሙት ይቆጥራሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት አለ። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን አርሞ አያውቅም። የተማረው በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

አንድ ቀን ሁለቱ ተገናኙ። ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ነበሩ፤ ፋርማሲስቱ ከእኔ ጎን ተራ ይጠብቃል።

«ስኮላርሺፕ ማለት ጥሪ ማለት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «የተጠራ እንግዳ ወንበር ይጠብቀዋል፤ ሳይጠራ የመጣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።»

«ልክ ነዎት» አለ ጋሽ ልክነው።

«ዳይሬክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ፋርማሲስቱ፣ «ያንን ዩኒቨርሲቲ ማን ያውቀዋል? ስሙን ለደንበኞቼ ብጠራላቸው ‹በቀን ስንቴ ነው የሚወሰደው?› ነው የሚሉኝ።»

«ልክ ነህ ዶክተር።»

«ደግሞ ስኮላርሺፑ ገመድ አለው። ውጤቷ ትንሽ ዝቅ ካለ ይነጠቃል። ያን ጊዜ በማታውቀው ከተማ ምን ይውጣት?»

«እውነትህን ነው።»

«ምን ያለ ሟርት ነው ይሄ!» ዳይሬክተሩ ወደ ፋርማሲስቱ ሊዞሩ ሲሉ ጋሽ ልክነው አገጫቸውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሳቸው። «ይህቺ ልጅ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ያውቃል? አንተ ሰውዬ፣ አንተ ንገረው እንጂ! ልጅህ አይደለችም?»

«ነች» አለ ጋሽ ልክነው። «አንገትዎን ቀና ያድርጉልኝ።»

ፋርማሲስቱ በዚያው ሳምንት ነገሩን ከምክር አሳለፈው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ የሚሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛው ዘንድ ሄዶ ለልጅቱ የክፍያ ቅናሽ እንዲታይላት ለመነላት። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ጋሽ ልክነውም «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፤ በጣም ልክ ነህ» አለው። በማግሥቱ ደግሞ ዳይሬክተሩ «ታዲያ ወደ ስኮላርሺፑ መሆኗ ነው አይደል?» ሲሉት «ልክ ነዎት» አላቸው። እንዲህ አድርጎ ልጅቱን ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አስገባት።

ልጅቱን ምን እንዳሰበች ጠየቅኋት።

«እኔማ መሄድ እፈልጋለሁ ጋሼ» አለችኝ። «ግን አባዬ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። እማዬን ጠየቅኋት፤ ‹ቆርጠሽ ሂጂ፣ መጋረጃሽን እኔ እሰፋልሻለሁ› አለችኝ። እሱን ስጠይቀው ልክ ነሽ ይለኛል። ‹ልሂድ?› ስለው ልክ ነሽ። ‹ልቅር?› ስለው ልክ ነሽ። ሄጄ ከተከፋብኝስ? አንድ ቃል ከአፉ ሳልሰማ አልሄድም።»

«ቀኑ እንዳያልፍብሽ የኔ ልጅ።»

«ቢያልፍም ይለፍ። ደንበኛው አይደለሁም፤ ልጁ ነኝ።»

መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻው ቀን መጣ። እኔ ያን ቀን ጠዋት ጢሜን ልላጭ ተቀምጫለሁ፤ ፊቴ አረፋ ነው። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ልክነው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ሸጉጦ መላጨቱን ቀጠለ። ከማዶ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እኔ የሰማሁት የእሱን ብቻ ነው።

«አቤት… አዎ፣ አባቷ ነኝ… አዎ፣ ሩቅ ነው… ልክ ነዎት… ልክ ነዎት እመቤቴ… እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን አስቀመጠና የቀኝ ጉንጬን ወጠረው። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበረ እኔም ማን እንደደወለ አልጠየቅኩም። ሲጨርስ ከወንበሩ ወርጄ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የጀመርኩትን መጽሐፍ ገለጥኩ። የዚያ ቤት ብርሃን ለንባብ ጥሩ ነው፤ የሚያባርረኝም የለም። ዳይሬክተሩ ገብተው ተቀመጡ። ግማሽ ፊታቸው እንደተላጨ ልጅቱ በሩን በርግዳ ገባች።

አልጮኸችም። መሀል ላይ ቆመችና በመስታወቱ ውስጥ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ ዛሬ ስልክ ተደውሎልሃል?»

«ተደውሎልኛል።»

«ማን ነበር?»

«አንዲት ጨዋ ሴት።»

«ጨዋዋ ሴት የስኮላርሺፕ ቢሮ ጸሐፊ ናት። መልስ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቀበል ልጠይቅ ደውዬ ነው። ‹አባትሽ ትተነዋል ብለዋል፣ ቦታውን ለተጠባባቂው እያዘጋጀሁ ነው› አለችኝ።»

«ትተነዋል አላልኩም» አለ ጋሽ ልክነው።

«ምን ነበር ያልካት?»

አሰበ። «መልስ አልደረሰንም አለች። አልደረሳትም። ለሴት ልጅ መንገዱ ይርቃል አለች። ይርቃል። ብዙ ቤተሰብ እዚያው ቅርቡን ይመርጣል፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ብንሰጠው አይሻልም ወይ አለች።»

«እና?»

«ልክ ነዎት አልኳት።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያ ሰው ራስ ሲመለጥ ዕድሜውን ሙሉ በቅርብ ሲያይ የኖረ ነው፤ ሌላውን ግን ያን ዕለት ገና አወቀው። መቀመጫ የሚፈልግ ይመስል ዙሪያውን አየ። ያለው ወንበር ደግሞ ተይዟል።

የያዙት ዳይሬክተር ከነአረፋቸው ተነሡ። «አንተ ሰውዬ! እኔን ምን ነበር ያልከኝ?»

«ልክ ነዎት።»

«ፋርማሲስቱንስ?»

«እሱንም።»

«ሴትዮዋንስ?»

«አሁን ነገርኳችሁ እኮ።»

«ታዲያ አንተ ራስህ መቼ ነው ልክ የምትሆነው?» አሉና ጥያቄያቸው ለራሳቸውም የከበዳቸው ይመስል ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን እንዳለ ነው። «አባዬ፣ ዳይሬክተርን ተዋቸው። ዶክተርንም ተወው። አንተ የት እንድማር ትፈልጋለህ?»

«አንቺ ያልሽው ልክ…»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም።»

ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ። ጋሽ ልክነው ምላጩን አጠፈና መደርደሪያው ላይ አኖረው። ወደ መታጠቢያው ሄዶ እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ፎጣውን አጥፎ መለሰ። ከዚያ ዞረ። ባወቅኩት ዘመን ሁሉ ሰውን ያለ መስታወት ቀጥ ብሎ ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው።

«ሩቁን» አለ።

«ለምን?»

«እዚህ ከቀረሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ትመጫለሽ።»

«ብመጣ ምን አለበት?»

«ከመጣሽ ትጠርጊያለሽ። ስትጠርጊ ማየት አልወድም። ከልጅነትሽ ጀምሮ አልወድም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትጥረጊ አላልከኝም?»

«‹ልጥረግልህ› ስትዪኝ…» አለና ቆመ። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ደግሞ እዚህ ከቀረሽ እንደ እኔ ትሆኛለሽ። ሁሉም ሰው ልክ ይሆንብሻል። እዚያ ግን አስተማሪሽን የምትጠይቂበት ትንሽ ክፍል አለ ብለሽኛል። ወረቀቱን ስታነቢልን ድምፅሽ የተለየው እዚያች ላይ ነበር። ሰምቼዋለሁ።»

ልጅቱ ስልኩን አንስታ ቁጥሩን መታችና ለእሱ ሰጠችው።

«አንቺ ብትናገሪ አይሻልም?» አላት።

«አይሻልም። ያልካት አንተ ነህ።»

ዕድሜ ልኩን ያልተናገረውን ቃል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተናገር ማለት ለሰው ከባድ ነው። መጽሐፌን ዘግቼ በልቤ ጸለይኩለት። ስልኩን ልጅቱ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋዋለች።

«እመቤቴ፣ ጠዋት የተነጋገርን አባት ነኝ።»

«አቤት አባት፣ ጨረስን እኮ። ልክ ነዎት ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።» ግንባሩን አላበው። «ልክ አልነበሩም።»

ዳይሬክተሩ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ፤ አረፋው አንገታቸው ላይ ደርቋል።

«አልገባኝም» አለች ሴትዮዋ። «ጠዋት እርስዎ ራስዎ መንገዱ ሩቅ ነው ሲሉ…»

«ልክ…» አለና ልጁን አያት። «ሩቅ ነው። ትሄዳለች።»

«ሐሳብዎን ለወጡ ማለት ነው?»

«አልለወጥኩም እመቤቴ። ጠዋት አልተናገርኩትም።»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ሴትዮዋ ለተጠባባቂው ገና እንዳልተደወለ፣ ነገር ግን በአባት ቃል ብቻ እንደማይሆን፣ ልጅቱ ራሷ ተናግራ ቢሮው ሳይዘጋ መልሷን በጽሑፍ መላክ እንዳለባት ተናገረች። ጋሽ ልክነው ስልኩን ትኩስ ነገር እንደሚያቀብል አቀበላት። ልጅቱ «አዎ፣ እኔ ነኝ… አዎ፣ ወስኛለሁ… አሁኑኑ እልካለሁ» አለች። ስትጨርስ አባቷን አንገቱን አቅፋ ሳመችውና ሸሚዙ ላይ የነበረውን አረፋ ጉንጯ ላይ ይዛ ወጣች። ከመስኮቱ ውጭ ስትሮጥ አየናት፤ ወደ እናቷ ነው።

ያኔ ተጠባባቂው ልጅ ትዝ አለኝ። ስሙን አላውቀውም፤ ያን ቀን ምን ያህል ተቃርቦ እንደነበረም እሱ አያውቀውም። ለእሱም ሌላ በር እንዲከፈትለት ለመንኩ። ለአንዱ ሲሞላ ለሌላው የማይጎድልበት መዝገብ ፈጣሪ ዘንድ አለ ብዬ አምናለሁ።

ጋሽ ልክነው ምላጩን ዘረጋ፣ አዲስ አረፋ መታ፣ የዳይሬክተሩን ሁለተኛ ጉንጭ ጀመረ።

«ጎበዝ!» አሉት ዳይሬክተሩ። «ከመጀመሪያውም እኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር።»

«ልክ ነዎት» አለ።

ዳይሬክተሩ ወሬውን ቀድመው ለማድረስ ቸኩለው ወጡ። እኔም ልወጣ መጽሐፌን ብብቴ ሥር ሳደርግ፣ ጋሽ ልክነው በመስኮቱ ወደ ማዶ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሲያይ አየሁት። ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበለት፤ በጣቶቹም መቀስ ሠርቶ ማምሻውን ሊቆረጥ እንደሚመጣ አመለከተው። ጋሽ ልክነው ራሱን ነቀነቀለት።

«ወንድሜ» አለኝ፣ አሁንም ወደ ማዶ እያየ፣ «አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«ምን ገዶኝ ጋሼ።»

«ሰውዬው ጓደኛው ቢሮ ድረስ ሄዶ ለምኗል። ልጅቷ እንደማትቀር ሊነገረው ይገባል። አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፣ ቃል አይቸግርህም። እኔ ለዛሬ የነበረኝን ጨርሻለሁ። አንተ ንገርልኝ።»

«ምን ብዬ?»

ጥቂት አሰበ።

«ልክ አይደለህም በለው» አለኝ። «ግን ፀጉሩን ቆርጬው ከጨረስኩ በኋላ ይሁን።»